አንድ ቋሚ ዲሽ፣ ብዙ ሳተላይት፦ ከቦታ መረጣ እስከ መጨረሻው ብሎን

ጣሪያ ላይ ሦስት አራት ዲሽ ተደርድሮ ሳይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። እነዚህ ሳተላይቶች ለየብቻ ዲሽ እስኪያስፈልጋቸው ድረስ ይራራቃሉ ወይ? ብዙ ጊዜ አይራራቁም። አንድ ደህና ዲሽ፣ አንድ የብረት ሐዲድና እሱ ላይ የሚታሰሩ ሦስት ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ተቀምጦ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ) ሥራውን ይጨርሱታል።

ሞተር ያለው ዲሽም አለ፤ ከአድማስ አድማስ ይዞራል። ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው አንዱን ሳተላይት ብቻ ነው። ሳሎን ያለው ሰው ሳተላይት ሲቀይር መኝታ ቤት ያለው ፊልሙ ይቋረጥበታል። ቋሚ ዲሽ ግን ሁሉንም እኩል ያያል። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለውም የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ ነው። እኔ ከአንድ በላይ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሞተር አልመክርም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በአንድ ክብ መስመር ተሰልፈዋል። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ከታች ሆነን ስናያቸው ቆመው ነው የምናገኛቸው። አርተር ሲ. ክላርክ ይህንን ቀበቶ ለመገናኛ መጠቀም እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1945 ጽፎ ነበር፤ ዛሬም የክላርክ ቀበቶ ይሉታል። ከእኛ ቦታ ሲታይ ሰማይ ላይ እንደ ቀስት የጎበጠ መስመር ነው።

ዲሹ መስታወት ነው። ፊት ለፊቱ ካለው ሳተላይት የመጣውን ሞገድ ከፊቱ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ካለ ሌላ ሳተላይት የመጣውንም ይሰበስባል፤ ነጥቡ ግን ወደ ምዕራብ ሸሸት ይላል። መስታወት ስለሆነ ጎኑ ይገለበጣል። እዚያ የሸሸችው ነጥብ ላይ ሌላ ኤልኤንቢ ካስቀመጥን ሁለተኛውን ሳተላይት ያዝን ማለት ነው። ዘዴው በሙሉ ይኸው ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው፤ ጽሑፉን ሁሉ ብትረሱ እሱን አትርሱ። ዲሹ የሚነካው ለመሃለኛው ሳተላይት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው ኤልኤንቢ እንጂ ዲሽ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ይህ አልገባኝም ነበር። አንዱን አስተካክዬ ሁለተኛው እንቢ ሲለኝ ዲሹን በጣም ትንሽ ገፋ አደረግኩት። ሁለተኛው መጣ፣ የመጀመሪያው ጠፋ። የመጀመሪያውን ስመልስ ሁለተኛው ሄደ። ግማሽ ቀን እንዲሁ ጣሪያ ላይ አለፈ።

1. ሳተላይቶቹ በአንድ ዲሽ ይያዛሉ ወይ?

የምትፈልጓቸውን ሳተላይቶች የኬንትሮስ ቁጥር ጻፉ። ከትልቁና ከትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚወስነው።

ኤልኤንቢው ከታች በክንድ የሚያዝለት የተለመደው ሞላላ ዲሽ ከመሃሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ከዚያ በላይ ሲሆን ነጥቧ ትበተናለች፤ ሲግናሉ ይደክማል፤ የጎረቤት ሳተላይትም ጣልቃ ይገባል። ስለዚህ ጠቅላላው ስፋት ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ ተራ ዲሽ ይበቃችኋል። ሆትበርድ 13 ዲግሪ ምሥራቅ፣ አስትራ 19.2 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ልዩነታቸው 6.2 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ጥምረት የለም። 7 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን ዩቴልሳትም ብትጨምሩ ጠቅላላው 12.2 ዲግሪ ነው፤ ምቹ ነው።

ናይልሳት ግን 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ ባድር ደግሞ 26 ዲግሪ ምሥራቅ። አንዱ ምሥራቅ አንዱ ምዕራብ ስለሆነ ቁጥሮቹ ይደመራሉ፦ 33 ዲግሪ። ይህን በተራ ዲሽ መሞከር ድካም ነው። ወይ ሁለት ዲሽ ትከሉ፣ ወይ ቶሮይዳል የሚባለውን ልዩ ዲሽ ያዙ። ስለ እሱ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሳተላይቶቹ ከመጠን በላይ ሲቀራረቡም ችግር አለ። የአንድ ኤልኤንቢ አፍ ወርዱ 6 ሳንቲ ገደማ ነው። 3 ዲግሪ ለሚራራቁ ሳተላይቶች ደግሞ በ80 ሳንቲ ዲሽ ላይ የሚያስፈልገው ክፍተት 3 ሳንቲ ተኩል አይሞላም። ሁለቱ ጎን ለጎን አይገቡም። መፍትሔው ቀጭን አፍ ያለው ኤልኤንቢ፣ ወይም ሁለቱ አንድ ላይ ተሠርተው የሚሸጡበት ሞኖብሎክ፣ ወይም ትልቅ ዲሽ ነው። ትልቅ ዲሽ ላይ ኤልኤንቢው ራቅ ብሎ ስለሚቆም ክፍተቱም አብሮ ይሰፋል።

የዲሹን መጠን በተመለከተ፣ ለአንድ ሳተላይት ከሚበቃው አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። በጎን የሚቀመጠው ኤልኤንቢ ዲሹን ሙሉ በሙሉ አይጠቀምበትም፤ ያጣውን በስፋት ነው የምትተኩለት። ብቻውን 60 ሳንቲ ለሚበቃው ሳተላይት 80 ወይም 90 ያዙ። ዲሹ ሲተልቅ ግን አነጣጠሩ ይጠብባል። በ12 ጊጋኸርዝ አካባቢ የ80 ሳንቲ ዲሽ የእይታ ወርድ 2 ዲግሪ ከትንሽ ነው። የ1 ሜትር ከ20 ዲሽ ደግሞ 1 ዲግሪ ተኩል ገደማ። በ80 ሳንቲው ወደ ጎን በአንድ ዲግሪ ስትስቱ ከሚደርሳችሁ ኃይል ግማሹ ገደማ ሄደ ማለት ነው፤ በትልቁ ከዚያም ይበልጣል።

2. ቦታና ቋሚ ብረት

ቀስቱ በሙሉ መታየት አለበት። አንዱን ሳተላይት ብቻ አይታችሁ ብትተክሉ ሁለተኛው ዛፍ ወይም የጎረቤት ፎቅ ይጋርደዋል። ቅጠል ቀላል ይመስላል፤ በተለይ ከዝናብ በኋላ እርጥብ ቅጠል እንደ ግድግዳ ነው። በስልክ ላይ የሚሠሩ የሳተላይት መፈለጊያ አፖች ካሜራውን ወደ ሰማይ ስታዞሩ ቀስቱን ይስሉላችኋል። ለዚህ ጉዳይ በቂ ናቸው።

አንድ የምወደው ዘዴ ልንገራችሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ፀሐይ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ስርጭቱም ለዚያች ቅጽበት ይረበሻል። ያን ሰሞን እጃችሁ ላይ ሥራ ካለ፣ በዚያች ደቂቃ የመትከያው ቦታ ላይ የፀሐይ ብርሃን ይደርሳል ወይ ብላችሁ ተመልከቱ። ከደረሰ ሳተላይቱም ይታያል። ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ መለኪያ አላውቅም።

ቋሚው ብረት ቀጥ ያለ መሆን አለበት። በግምት ሳይሆን በውሃ ልክ ወይም በቱንቢ። ውሃ ልኩን በአንድ ጎን ብቻ አትዩ፤ ሩብ ዙር አዙራችሁ በሁለተኛው ጎንም ለኩ። ብረቱ ከተንጋደደ ዲሹ ላይ የተጻፈው የዲግሪ ቁጥር ሁሉ ውሸት ይናገራል። ለአንድ ሳተላይት ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ለሦስት ግን ያሰቃያል። ንፋስ ሲመታው እንዳይወዛወዝም ወፍራም ቱቦ ምረጡ። ግድግዳው ላይ በትራፓኖ ስትበሱ ከጡብ መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን ከጡቡ ወይም ከኮንክሪቱ መሃል ያዙ። ቱቦውን ከቤቱ የመሬት ሽቦ ጋር ማያያዝም አይዘለል፤ ከፍ ያለ ብረት መብረቅ ይጠራል።

ጣሪያ ላይ ብቻችሁን አትውጡ። ዝናብ ከዘነበ ጠብቁ።

3. ማን መሃል ይቀመጥ?

ብዙዎች የሚወዱትን ሳተላይት መሃል ያደርጋሉ። እኔ ደካማውን ነው መሃል የማደርገው። መሃል ያለው ኤልኤንቢ የዲሹን ሙሉ ጉልበት ያገኛል። ጠንካራው ሳተላይት ጎን ላይ ሆኖ ትንሽ ቢያጣም ይተርፈዋል።

ሦስት ከሆኑና ደካማው ዳር ላይ ከወደቀ፣ ሌላው ዳር ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይርቅ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከራቀ መሃለኛውን መሃል ከማድረግ ውጭ አማራጭ የለም፤ ዲሹን አንድ ደረጃ አሳድጉ።

4. ሂሳቡን መሬት ላይ ጨርሱት

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ጣሪያ ላይ የሚጠፋውን ሰዓት የሚቆጥበው ይህ ነው።

መጀመሪያ ከኤልኤንቢው አፍ እስከ ዲሹ መሃል ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ከ80 እስከ 90 ሳንቲ በሆነ ዲሽ ላይ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ነው። ቀጥሎ በሁለቱ ሳተላይቶች መካከል ያለውን የኬንትሮስ ልዩነት ውሰዱና 10 በመቶ ገደማ ጨምሩበት። ምክንያቱም ኬንትሮስ የሚለካው ከምድር እምብርት ነው፤ እኛ ግን የቆምነው ላዩ ላይ ነው፣ ለሳተላይቶቹም ቀርበናል። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ነገሮች የተራራቁ ይመስላሉ። ከምድር ወገብ አጠገብ ሆናችሁ ሳተላይቱ አናታችሁ ላይ ከሆነ ጭማሪው እስከ 18 በመቶ ይደርሳል። ወደ አድማስ ዝቅ ሲል ደግሞ ጭማሪው እየጠፋ ይሄዳል።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል መጣ። በ57 ሳንቲ ርቀት ላይ 1 ዲግሪ ማለት 1 ሳንቲ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ርቀታችሁ 57 አካባቢ ከሆነ ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልግም። ርቀቱ 50 ከሆነ ለአንድ ዲግሪ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 70 ከሆነ 12 ሚሊ ሜትር ያዙ።

የቅድሙን ምሳሌ እንሥራው። መሃል ያለው 13 ዲግሪ ነው። 19.2 ከእሱ በ6.2 ይርቃል፤ ጭማሪው ሲታከልበት 7 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ ኤልኤንቢው ከመሃለኛው 7 ሳንቲ ይርቃል። 7 ዲግሪ ላይ ያለው ሳተላይት በ6 ይርቃል፤ 6 ሳንቲ ተኩል በሉት። የሚለካው ከኤልኤንቢ መሃል እስከ ኤልኤንቢ መሃል ነው፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አይደለም።

በየትኛው ጎን? በግልባጩ። 19.2 ከ13 በስተምሥራቅ ስለሆነ ኤልኤንቢው ከመሃለኛው በስተምዕራብ ይሆናል። ግራና ቀኝ እያላችሁ አታስቡ፤ ፊት ለፊት ስትቆሙና ከኋላ ስትቆሙ ይገለበጥባችኋል። ምሥራቅና ምዕራብ እያላችሁ አስቡ። ሐዲዱ ላይ በቋሚ ማርከር «ምሥ» እና «ምዕ» ብላችሁ ጻፉበት። ሦስቱንም ቦታ በጭረት ምልክት አድርጉ። ጣሪያ ላይ ስትወጡ የሚቀራችሁ ማጥበቅ ብቻ ይሁን።

ከፍታውም ይገለበጣል። ሰማይ ላይ ዝቅ ያለው ሳተላይት ኤልኤንቢው ከፍ ይላል። ቀስቱ የጎበጠ ስለሆነ ዳር ያሉት ከመሃለኛው ትንሽ ይለያሉ። ስለዚህ ሐዲድ ስትገዙ ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል መያዣ ያለውን ምረጡ። ድርቅ ያለ ቀጥ ያለ ላሜራ ብቻ ከሆነ ዳረኛው ላይ ያስለቅሳችኋል።

ስኪው ደግሞ ኤልኤንቢው በመያዣው ውስጥ የሚዞርበት ማዕዘን ነው። የምትኖሩበት ኬክሮስ እዚህ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። 45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለ ሰው፣ በኬንትሮስ 10 ዲግሪ ለሚርቀው ሳተላይት ስኪው 10 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ብቻ ርቆ ያለ ሰው፣ 30 ዲግሪ ለሚርቀው ሳተላይት 70 ዲግሪ ገደማ ማዞር አለበት። በዚያ ቦታ ቀስቱ ራሱ ሊቆም ምንም አልቀረውም።

ይህ ነገር ሐዲዱንም ይመለከታል። ሐዲዱ መዝመም ያለበት ከስኪው ጋር በተመሳሳይ ማዕዘን ነው። ከዲሹ ኋላ ቆማችሁ ወደ ሰማይ ስታዩ ቀስቱ ወደ ቀኝ የሚወርድ ከሆነ፣ ሐዲዱም ኤልኤንቢዎቹም ወደ ቀኝ ይዘማሉ። ከምድር ወገብ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነና ሳተላይቶቹ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አዘንብለው ካሉ ኤልኤንቢዎቹ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ ከአንዱ በላይ ይደረደራሉ። ሌላ አገር የተነሳ ፎቶ አይታችሁ አግድም ደርድራችሁ ከሆነ ሁለተኛውን የማታገኙት ለዚህ ነው። ሐዲዱ እንዲህ ሲቆም ሞላላው ዲሽ ክንዱ መንገድ ይዘጋበታል። ኤልኤንቢው መሃል ላይ በሦስት እግር የሚቆምለት ክብ ዲሽ ይሻላል፤ ሐዲዱን በፈለጋችሁት አቅጣጫ ይቀበላል። ጎድጓዳ ስለሆነ ግን በጎን የሚችለው ስፋት ያንሳል።

5. መሃለኛውን ማስያዝ

በመጀመሪያ ስዊች የሚባል ነገር አይኑር። ከመሃለኛው ኤልኤንቢ አንድ ኬብል በቀጥታ ወደ ሲግናል መለኪያው ወይም ወደ ሪሲቨሩ ይግባ። ሪሲቨሩ ላይ ዳይሴክን፣ ማለትም ኤልኤንቢዎቹን ለሚቀያይረው ስዊች የሚላከውን ትእዛዝ፣ «የለም» በሉት። የኤልኤንቢውን ዓይነት ዩኒቨርሳል፣ 9750 እና 10600 አድርጉ። ከሳተላይቱ ጠንከር ያለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ምረጡ።

የዲሹን ከፍታ በቁጥሩ ላይ አስተካክሉ፣ ብሎኑን ግማሽ አጥብቁ። ከዚያ ዲሹን ወደ ጎን በጣም በቀስታ አዙሩ። ኮምፓስ የምትጠቀሙ ከሆነ ከብረቱ ራቅ በሉ፤ ብረት መርፌውን ይስበዋል።

የብዙ ሰው ችግር ፍጥነት ነው። ሪሲቨር ሲግናሉን አውቆ እስኪያሳይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። እናንተ በዚያ ሰከንድ ውስጥ ሳተላይቱን አልፋችሁታል። ስለዚህ የጥፍር ያህል ገፋ አድርጉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ሦስት ቁጠሩ። እንደገና የጥፍር ያህል። እጅን ማንሳት አይዘለል፤ የእጃችሁ ክብደት ራሱ ዲሹን ያጎብጠዋል።

የምታዩት ኳሊቲውን፣ ማለትም የሲግናሉን ጥራት ነው። ስትሬንግዝ የሚባለው መስመር ኤልኤንቢ ስለተሰካ ብቻ ይሞላል፤ ዲሹ ግድግዳ እያየም ቢሆን 60 በመቶ ሊያሳያችሁ ይችላል። በእሱ አትደሰቱ።

ኳሊቲው ሲመጣ በግራም በቀኝም እስኪወርድ ድረስ ሂዱና መሃሉን ያዙ። ከፍታውንም እንዲሁ። ስኪውን አዙራችሁ የበለጠ ካለ ፈልጉ። ከዚያ የያዛችሁት የምትፈልጉትን ሳተላይት መሆኑን ቻናል ጭናችሁ አረጋግጡ። ጎረቤቱን ይዞ ሁለት ሰዓት መልፋት የተለመደ ነው።

አሁን የዲሹን ብሎኖች በየተራ፣ አንዱን ትንሽ ሌላውን ትንሽ እያላችሁ ጨርሳችሁ አጥብቁ። አንዱን ብቻ አንቃችሁ ብታጠብቁት ዲሹ ይሸሻል። ኳሊቲውን እያያችሁ አጥብቁ። ሲያልቅ ከብሎኑ እስከ ቱቦው በቀለም ወይም በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። ወደፊት ነፋስ ቢያንቀሳቅሰው መስመሩ ይነግራችኋል። ከዚህ በኋላ ዲሹ አይነካም።

6. የጎኖቹን ማስያዝ

ኬብሉን ነቅላችሁ ወደ ጎኑ ኤልኤንቢ አዛውሩ። ኬብል ስትነቅሉና ስትሰኩ ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል፤ በመስመሩ ላይ 13 ወይም 18 ቮልት አለ፣ ሽቦው ቢነካካ ሪሲቨሩን ያቃጥላል።

ኤልኤንቢው ምልክታችሁ ላይ ካለ ብዙ ጊዜ ሳተላይቱ እዚያው ነው፤ ቢያንስ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ካልታየ ሐዲዱ ላይ በየ3 ሚሊ ሜትሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሞክሩ። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች። ከዚያ ስኪው። በመጨረሻ ወደ ዲሹ ጠጋ ወይም ራቅ አድርጉት። ጎን ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ሳንቲ ወደ ዲሹ መጠጋት ይጠቅመዋል። አፉ ደግሞ ወደ ዲሹ መሃል ይመልከት። ቀጥ ብሎ ከመሃለኛው ጎን ቢሰለፍ ያምራል፤ ግማሽ ዓይኑ ግን ከዲሹ ውጭ ሰማይና ግድግዳ እያየ ነው።

አንዱ ሌላውን የሚገፋው ከሆነና ቦታ ከጠበበ፣ ጠንካራውን ሳተላይት ጥቂት ሚሊ ሜትር አሽሹት። እሱ ይችለዋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ወደ መሃለኛው ተመልሳችሁ ኳሊቲውን አንዴ እዩ። ሐዲዱን ስታጠብቁ ተነቃንቆ ሊሆን ይችላል።

7. ስዊችና ኬብል

አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ ባለ አራት ግቤት ዳይሴክ ስዊች በቂ ነው። ከየኤልኤንቢው አጭር ኬብል ወደ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ይገባል፤ አንድ ኬብል ወደ ቤት ይወርዳል። የትኛው ሳተላይት የትኛው ፊደል ላይ እንደገባ እዚያው ጻፉ። ሪሲቨሩ ላይም ያንኑ ስጡት። የሚበዛው «አልሠራም» የሚለው ስልክ መጨረሻው ሪሲቨሩ ላይ ኤ እና ቢ ተለዋውጠው መገኘታቸው ነው። ከአራት በላይ ሳተላይት ካላችሁ እስከ 16 ግቤት የሚያስተናግደውን ዳይሴክ 1.1 መጠቀም ይቻላል።

ቴሌቪዥኑ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ፣ ብዙ መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ገዝታችሁ ለየቴሌቪዥኑ የራሱን ስዊች ስጡት። ለአንድ ሕንፃ ሙሉ ከሆነ ግን ኳትሮ ኤልኤንቢና ለብዙ ቴሌቪዥን የሚያከፋፍለው መልቲስዊች ነው የሚያዋጣው፤ ለአንድ ሳተላይት አራት ኬብል ስለሚወርድ ለሦስቱ 12 ኬብል ማለት ነው። ኳድና ኳትሮ በስም ይቀራረባሉ፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። ኳድ ስዊቹ ውስጡ አለ፤ ለመልቲስዊች የሚሆነው ኳትሮ ነው። እሽጉን አንብቡ።

ኬብሉ ባለ 75 ኦም አርጂ 6 ይሁን። በላይኛው ፍሪኩዌንሲ በ100 ሜትር ወደ 30 ዴሲቤል ይጠፋል። ስለዚህ አጭር መንገድ ፈልጉለት፣ አታጣጥፉት።

የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ፣ ኤፍ ኮኔክተሩን፣ ቀረብ ብለን እንየው። የላዩን ፕላስቲክ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ላጡ። ጥልፍልፉን ሽቦ ወደ ኋላ እጠፉት። ነጩን መሃለኛ ፕላስቲክ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁረጡ፤ ቢላው የመዳቡን ሽቦ እንዳይጭረው። አሁን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ተመልከቱ። ከጥልፍልፉ አንዲት እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር መሃለኛውን መዳብ ከነካች መስመሩ ሾርት ነው። ብዙ «የተቃጠለ» ኤልኤንቢ በዚህች ክር የተከሰሰ ነው። ኮኔክተሩን አጥብቃችሁ ስትጨርሱ መዳቡ ከጠርዙ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይታይ።

ውጭ ያለ ኮኔክተር ሁሉ የጎማ ሽፋኑ ይደረግለት። ከሌለ ውኃ የማያስገባ ናስትሮ ከታች ወደ ላይ ጠምጥሙ፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው የታችኛውን ይደርባል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይበል፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ቶሮይዳሉን ለመረጠ ሰው

ቶሮይዳል ዲሽ ከ20 ዲግሪ በላይ ለሚፈልግ ሰው የተሠራ ነው። በቀስቱ አቅጣጫ የጎበጠበት መንገድ ከተራው ዲሽ ይለያል፤ ስለዚህ ነጥቧ ዳር ላይ አትበተንም። ታዋቂው ዌቭፍሮንቲየር ቲ 90 ከዋናው ዲሽ ፊት ሁለተኛ ትንሽ መስታወት አለው። 40 ዲግሪ ስፋት ይሸፍናል፤ እስከ 16 ኤልኤንቢ ይሸከማል። ናይልሳትና ባድር በአንድ ላይ የሚገቡት እዚህ ውስጥ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ የጀመረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ 305 ሜትር ወርድ ያለው የማይንቀሳቀስ ሉላዊ ዲሽ ነበረው። ዲሹ ሳይነቃነቅ ከላይ የተንጠለጠለው መቀበያ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ሰማዩን ያይ ነበር። የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ሲሙልሳት የተባለ ትልቅ አንቴናም አለ፤ 70 ዲግሪ ስፋት ያለውን ቀስት በአንዴ እያየ 35 ሳተላይት መቀበል ይችላል።

የቶሮይዳሉ አተካከል ከላይ ካልነው በአንድ ነገር ይለያል። ዲሹ ራሱ ይዘማል። ስለዚህ የሚስተካከሉት ሦስት ናቸው፦ አቅጣጫ፣ ከፍታና ዝመት። ሦስቱንም ቁጥር የአምራቹ ማስያ ይሰጣችኋል፤ የቦታችሁን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የዳሮቹንም ሳተላይቶች ታስገባላችሁ። ሐዲዱ ላይ ያለውን ቁጥርም ከዚያው ታገኛላችሁ።

ሦስት ኤልኤንቢ ብቻ አስራችሁ ጀምሩ፤ አንዱ መሃል፣ ሁለቱ ዳር። መጀመሪያ መሃለኛውን በከፍታና በአቅጣጫ አምጡት። ቀጥሎ ዳረኞቹን እዩ። አንዱ ዳር ጥሩ ሆኖ ሌላው ከደከመ ዝመቱ ተሳስቷል። በግማሽ ዲግሪ አዙሩና ሦስቱንም እንደገና ለኩ። ትዕግሥት ይፈልጋል። ግን ሦስቱ ከተስማሙ በመካከላቸው የምታስገቡት ሁሉ ያለ ክርክር ይመጣል።

ሲበላሽ የት ይታይ?

ሁሉም ሳተላይቶች አንድ ላይ ከደከሙ ዲሹ ተንቀሳቅሷል፤ በቀለም ያሰመራችሁትን መስመር እዩ። ሁሉም አንድ ላይ ድርግም ካሉ ወደ ቤት የሚወርደውን ኬብል ወይም ስዊቹን ጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ከጠፋ የእሱን ኤልኤንቢ በስዊቹ ላይ ሌላው ቦታ ሰክታችሁ ሞክሩ። ችግሩ ኤልኤንቢውን ተከትሎ ከሄደ ኤልኤንቢው ነው፤ ቦታው ላይ ከቀረ ስዊቹ ነው።

ከአንድ ሳተላይት ግማሹ ቻናል ብቻ ከመጣ 18 ቮልቱ እየደረሰ ላይሆን ይችላል። ሞገዱ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ቨርቲካል በ13፣ አግድም የሚመጣው ሆሪዞንታል በ18 ቮልት ነው የሚመረጠው፤ ኬብሉ ከረዘመ ወይም ኮኔክተሩ ከዛገ 18ቱ ወርዶ 13 ይመስላል። ስኪው ከተሳሳተም አንዱ ወገን ደህና ሆኖ ሌላው ይደክማል።

ጠዋት ጠዋት ጠፍቶ ፀሐይ ሲሞቅ የሚመለስ ሳተላይት ካለ የኤልኤንቢውን አፍ ሽፋን ተመልከቱ። ፀሐይ ያደረቀው ፕላስቲክ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ይኖረዋል፤ ሌሊት ጤዛ በእሷ ይገባል። አንዴ እንዲህ ያለ ኤልኤንቢ ፈትቼ ዘቅዝቄ ይዤው ከውስጡ አንድ ማንኪያ የሚሞላ ውኃ ወርዶ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሽፋኑ ሲታይ ግን አዲስ ይመስል ነበር። በጣታችሁ ጠርዙን ጫን በሉት፤ ከተንቋቋ ኤልኤንቢውን ቀይሩት። አዲሱን በአሮጌው ምልክትና በአሮጌው ስኪው ላይ ካስገባችሁት ዲሹን መንካት አያስፈልግም።